ደረቅ ነው ያልኩት ብልቃጥ

ሰማያዊ ሲባል ለእናንተ ሰማዩ ይታያችሁ ይሆናል። ለእኔ የሚታየኝ በሁለት እጄ ይዤ ስወዘውዘው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የተለወጠ አንድ ብልቃጥ ነው። ያን ቀለም ለማየት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ሰው የሁለት ዓመት ልፋቱን በእኔ ምክንያት ሊያጣ ነበር። እሱ ምክንያቱን አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። የምነግራችሁ ስለዚያ ማወቅ ነው።

ስሜ ስንዱ ነው። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከእናቴ ጋር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ላይ እኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወርጄ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ መገናኛን አልፌ ጉርድ ሾላ እወርዳለሁ። ጊዜው መንገዱ ለባቡሩ የተቆፈረበት ነበር። ታክሲው በአፈር ክምር መሀል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ሥራ የምደርሰው ቅንድቤ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነው። እዚያ አንድ የትምህርት ግቢ ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ኮንትራቴ በየስድስት ወሩ ከግምገማ በኋላ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ደግሞ ያው ቤት መቀመጥ ነው።

ዓይን አፋር ነበርኩ ብል አይገልጸውም። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማልችል ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቅ ነበር። ብዙ ቀን መውረጃዬን አልፌ አቧራ ለአቧራ በእግሬ ተመልሻለሁ። ሰፈር ውስጥ የማልስቅና የማልጫወት ስለሆንኩ "ደረቅ" ይሉኛል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ላብራቶሪው የዶክተር ሰናይት ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን አይደግሙም። በእርሳቸው ሥር ለሁለተኛ ዲግሪው የሚሠራ ናትናኤል የሚባል ወጣት ነበር። እሱ ደግሞ በተቃራኒው፣ አፉን ሳይከፍት አምስት ደቂቃ ከቆየ ታሟል ማለት ነው።

አንድ ቀን ናትናኤል ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ውስጡ ሽምብራ የሚያካክሉ ግራጫ ቁርጥራጮች አሉ።

"ስንዱዬ፣ ይህን እዪልኝ። ሳማሪየም ይባላል። ብርቅዬ ብረት ነው። የዶክተር ጓደኛ ናቸው ከውጭ በሻንጣቸው ያመጡልን። ሌላ የለም።"

"ብርቅዬ ዋሊያ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ከልቤ ነበር የጠየቅሁት። ትምህርት ቤት ብርቅዬ ሲባል የተማርኩት ዋሊያንና ቀይ ቀበሮን ነው። ናትናኤል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ከክፋት አልነበረም፤ ግን ለሁሉም ነገረ። በሁለት ቀን ውስጥ የዚያ ጠርሙስ ስም "ዋሊያው" ሆነ። "ዋሊያውን ማን አነሳው?" "ዋሊያው ክዳኑ በደንብ ይዘጋ!" ዶክተር ሰናይት እንኳ አንድ ቀን "ዋሊያውን አምጡልኝ" ብለው ፈገግ አሉ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ነገር ላልጠይቅ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሊሠሩት የፈለጉትን ነገር ከወሬያቸው ነው የተረዳሁት። ያ ብረት ከአዮዲን ጋር ይዋሃዳል። አዮዲንን እንኳ አውቀዋለሁ፤ አክስቴ እንቅርት ስለነበረባት ጤና ጣቢያ "አዮዲን ያለው ጨው ግዙ" ይሉን ነበር። የሁለቱ ውህድ በደንብ ከተሠራ ጥቁር ሰማያዊ ፈሳሽ ይሆናል። ለናትናኤል ጥናት ይህ ፈሳሽ መሣሪያው ነው፤ እሱ ከሌለ የቀረውን ሥራ መጀመር አይችልም። ጣጣው ግን ፈሳሹ አየር አይወድም። አየር ከነካው ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ቢጫ ይሆናል። ውሃ ደግሞ ገና ሲሠራ ከገባበት ጭራሽ ሰማያዊ አይሆንም። የናትናኤል ጊዜ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ብልቃጡን ከማድረቂያው ኦቨን አወጣሁት። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ አጭር፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ የሚይዝ ብልቃጥ ነው። ኦቨን ውስጥ ነው ያደረው። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። የግቢው ውሃ ሲደርቅ እንዲህ ያለ እድፍ ይተዋል። አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ዶክተር "የስንዱ ዕቃ እንደ መስተዋት ነው" ብለውኛል። እንደዚያ ዓይነት ቃል ከሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለእናቴም ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ናትናኤል ጥግ ላይ ተቀምጦ ብረቱን በሞረድ እየሞረደ ያደቅቃል። "ይህን ነጠብጣብ ልጥረገው?" የምትል ጥያቄ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋሊያው ትዝ አለኝና ዋጥኳት።

እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አደረግሁት። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በእንጨት እየገፋሁ ውስጡን ጠረግሁት። እንደገና ወደ መስኮቱ። ነጠብጣብ የለም፤ ጠብታም የለም።

"ስንዱዬ፣ ደረቅ ነው?"

"ደረቅ ነው።"

"አንቺ ያደረቅሽውማ! ከአንቺ የበለጠ ደረቅ ከየት ይመጣል?" ብሎ ሳቀ።

ዶክተር ሰናይት ገቡና ሥራው ተጀመረ። የደቀቀውን ብረትና አዮዲኑን ጨመሩ። አዮዲኑ እንደ ኩል ያብረቀርቃል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ሐምራዊ ጭስ ከአፉ ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ። አፉን በጎማ ክዳን ደፈኑት። ከትልቁ ሲሊንደር በቀጭን ቱቦና በመርፌ ናይትሮጅን አስገብተው አየሩን አስወጡት። መጨረሻ ላይ ናይትሮጅን የተሞላ ፊኛ በመርፌ ክዳኑ ላይ ሰኩበት፤ አየር እንዳይገባ ጠባቂ ነው። ፊኛው ከሾላ ገበያ የተገዛ የልደት ፊኛ ነበር፤ "መልካም ልደት" የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ናትናኤል ራሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያጣራና ሲያደርቀው የከረመውን ማሟሚያ ፈሳሽ በሲሪንጅ ጨመሩበት።

መጀመሪያ ቀይ ቡናማ ሆነ። በኤሌክትሪክ በሚሠራው ማማሰያ ላይ ሞቅ እያለ ሲዞር ቆይቶ ቢጫ ሆነ።

"ደህና ነው። አሁን አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ" አለ ናትናኤል እጁን እያፋተገ።

አራት ሰዓት ሆነ። ቢጫ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። ቢጫ ነው። ምሳ ሰዓት ማንም አልወጣም። ናትናኤል ቀልዱን አቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የቀጠነ ሽሮ ይመስል ነበር፤ ደፍርሷል፣ ከሥሩ ደለል ይዟል። ዶክተር ማማሰያውን አጠፉት።

"ሞቷል" አሉ። "ውሃ ገብቶበታል። ከሦስት ቦታ ነው ሊገባ የሚችለው። ከአየሩ፣ ከፈሳሹ ወይም ከዕቃው።"

"ፊኛው እንደተነፋ ነው፤ አየር አልገባም" አለ ናትናኤል።

"ስንዱ" አሉኝ ዞር ብለው። "ብልቃጡ ደረቅ ነበር አይደል?"

"አዎ፣ ደረቅ ነበር" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎና ጥርት ባለ ድምፅ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ፈሳሹ ነው" አሉ ወደ ናትናኤል ዞረው። "አላደረቅኸውም።"

"ዶክተር፣ በፈጠረኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ . . ."

"ዓይን ደረቅ የሚለውን አትመነው። የታጠበ ብርጭቆ እንኳ በጨርቅ ተጠርጎ ጠብታ ሳይታይበት ውሃ ለብሶ ነው የሚቀመጠው፤ ያ ቆዳ የሚለቀው በእሳት ብቻ ነው። ከኦቨን የወጣውን ማንም ሳይነካው በትኩሱ ስጡኝ የምለው ለዚህ ነው። ብርጭቆ እንዲህ ከሆነ ፈሳሽ እንዴት ይሆናል?"

የጨርቁ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ። እጄ ላይ የቧንቧው ውሃ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ደረቅ ነው ያልኩት የእኔ ደረቅ ነበር፤ የሰሐንና የሲኒ ደረቅ። የእርሳቸው ደረቅ ሌላ ነው። ይህን ያወቅሁት "አዎ" ካልኩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው። አሁን እንኳ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ናትናኤል ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሱን ሳየው አፌ ተመልሶ ተዘጋ። ጨርቄን ይዤ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ።

ወዲያው የክፍሉ አስተዳደር ኃላፊ አቶ ግርማ መጣ። ደብተር ሳይዝ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

"ብረቱ ተበላሸ የሚባለው እውነት ነው?"

"ግማሹ" አሉ ዶክተር። "ለአንድ ሙከራ የሚሆን ቀርቷል።"

"እንግዲያው ነገ ግምገማ ላይ ይታያል። እስከዚያ የቀረው አይነካ። እንደ ሁኔታው ንብረቱ ታሽጎ ኮሚቴ ይቋቋማል።"

እዚያ ግቢ ውስጥ ኮሚቴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ወንበር ተሰብሮ ለኮሚቴ ከተመራ ውሳኔው ሳይመጣ ወንበሩን የሰበረው ሰው ጡረታ ይወጣል። የናትናኤል ጊዜ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ደክሞኝ ነው" አልኳት። ስለ ኮንትራቴ አሰብኩ። በእኔ ደሞዝ ስለሚገዛው የእናቴ መድኃኒት አሰብኩ። ከሁሉም በላይ ግን የሰው ዓይን አሰብኩ፤ ክፍል ሙሉ ሰው ወደ እኔ ሲዞር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራ ከማጣት የበለጠ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

ግምገማው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተቧድነን እንቀመጣለን፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ማለትም የራሱን ድክመት ይናገራል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይተቹታል። እውነተኛ ጥፋቱን የሚናገር ሰው ግን አላየሁም። "ሰዓት የማክበር ችግር አለብኝ፣ አሻሽላለሁ።" "ከሥራ ብዛት የተነሳ ምሳ እዘላለሁ፣ አሻሽላለሁ።" የእኔ ግለ ሂስ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ድምፄ ዝቅተኛ ነው፣ አሻሽላለሁ።" አቶ ግርማ "ምን አለች?" ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ ይጻፍልኛል።

የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ዶክተር ሰናይት መስኮቱ ሥር፣ ናትናኤል በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ በመሀል ነኝ።

"በናትናኤል እንጀምር" አለ አቶ ግርማ።

ናትናኤል ተነሣ። "ፈሳሹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማድረቄን እርግጠኛ ነኝ። ግን . . . ዶክተር አልደረቀም ካሉ . . ." ድምፁ ተቆረጠ።

"ጥፋተኛ ነኝ ነው የምትለው?"

"ማን ነው እንግዲያ? እኔ ነኛ።"

"በቸልተኝነት ብለን እንያዘው?"

ናትናኤል መልሶ ተቀመጠ። የአቶ ግርማ እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

"በዚህ መሠረት ከሥራው ለጊዜው ይነሣ፣ የቀረው ንብረት ይታሸግ የሚል ሐሳብ አለኝ። ተቃውሞ?"

ዶክተር ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ። የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። በእውቀታቸው ሲፈርዱበት ጥፋተኛው እሱ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የማያምኑበትን አይናገሩም።



"ተቃውሞ ከሌለ ወደ ቀጣዩ። ስንዱ፣ ግለ ሂስሽን። ድምፅሽ ዝቅተኛ ነው፣ እሱን ጽፌዋለሁ። ሌላ?"

ሰው ሳቀ። ተነሣሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጬ ነበር የምናገረው።

"ብልቃጡን ያረጠብኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አለች?"

"ብልቃጡን ያረጠብኩት እኔ ነኝ!" ሁለተኛው ጩኸት ነበር ማለት ይቻላል። "ከኦቨን ካወጣሁት በኋላ ነጠብጣብ አይቼበት በውሃ ለቀለቅሁት። በጨርቅ ጠረግሁት። ደረቅ መስሎኝ ነው። ዶክተር ሲጠይቁኝ ደረቅ ነው አልኩ። ከዚያ ግን አወቅሁ፤ ትናንትናውኑ አወቅሁ። ዝም አልኩ። የናትናኤል ፈሳሽ ምንም አልሆነም።"

አቶ ግርማ እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ደብተሩን አየ፤ እኔን አየ።

"ይሄ . . . ይሄ ግለ ሂስ ነው ወይስ ጥፋት?"

"ምን ለውጥ አለው?" አሉ ዶክተር ሰናይት።

"አይ፣ ዶክተር፣ የምጽፍበት ዓምድ ይለያያል እኮ።"

ማንም አልሳቀም። ዶክተር ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ያቅፉኛል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ከኦቨን በትኩሱ ስጪኝ ብዬሻለሁ ወይስ አላልኩሽም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ?"

"ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ልጠይቅ ፈልጌ ፈራሁ።"

"ምኑን ነው የፈራሽው?"

ናትናኤል ነው ከበሩ አጠገብ የመለሰልኝ። "ዋሊያውን" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ ያሳቅሁባት፣ ዶክተር።"

ዶክተር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ለአቶ ግርማ "ፈሳሹ ደህና ከሆነ በዚያው ፈሳሽ ነገ ሠርቼ አሳይሃለሁ። ካልሠራ አሽገው፣ እኔንም ጨምረህ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "ብልቃጡን አንቺ ነሽ የምታዘጋጂው። ነገ በአንድ ሰዓት እዚህ ተገኚ" አሉኝ።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ደረስኩ። ዶክተርና ናትናኤል ቀድመውኛል። ሦስታችንም የቆምነው ኦቨኑ ፊት ነው፤ መብራቱ ጠፍቷል። ከሌሊት ጀምሮ የጠፋ ስለሆነ ኦቨኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

"ነገ ብናደርገውስ?" አለ ናትናኤል።

"አቶ ግርማ እስከ ስምንት ሰዓት ነው የሰጠኝ" አሉ ዶክተር። ትንሿን የጋዝ ማንደጃ አወጡ። "ስንዱ፣ ነይ። ውሃ በእሳት ሲወጣ በዓይንሽ እዪ።"

ናይትሮጅኑ በብልቃጡ ውስጥ እየነፈሰ፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ ነበልባሉ ላይ አዞርኩት። በዓይኔ ሳየው ፍጹም ደረቅ ብልቃጥ ነበር። ሆዱ ሲግል ግን ቀዝቃዛው አንገቱ ላይ ጉም መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍጥጬ ያየሁት ነገር የለም። ከሌለበት ቦታ ውሃ መጣ። ነበልባሉን ወደ አንገቱ ሳወጣው ጉሙ እየሸሸ በአፉ ወጥቶ ጠፋ።

"አሁንስ ደረቅ ነው?" አሉኝ።

አፌ ላይ "አዎ" ነበር የመጣው። መለስኩት። "አላውቅም። ደረቅ የሚባለው መቼ ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ጉሙ ከጠፋ በኋላ አምስት ደቂቃ ስትጨምሪበት።"

አምስት ደቂቃ ጨመርኩ። ማሟሚያው ቶሎ ስለሚቀጣጠል እሳቱ ጠፋ፤ መስኮቶቹ በሙሉ ተከፈቱ። ብልቃጡ በናይትሮጅን ውስጥ ቀዘቀዘ። የመጨረሻው ብረት ገባ፣ አዮዲኑ ገባ፣ ክዳኑ ተደፈነ፣ ፊኛው ተሰካ፣ የናትናኤል ፈሳሽ በሲሪንጅ ገባ። ቀይ ቡናማ ሆነ።

መብራት ስለሌለ ማማሰያው አይሠራም። ከካፍቴሪያው በእንጨት የፈላ ውሃ አምጥተን ከቀዝቃዛ ጋር ለዘብ አድርገን ሳፋ ውስጥ አደረግነው። ናትናኤል ብልቃጡን ይዞ ሊወዘውዝ ሞከረ፤ ብልቃጡ ከሳፋው ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

"አምጣው" አልኩት። ማዘዜ እኔኑ ገረመኝ። "ዕቃ መያዝ የእኔ ሥራ ነው።"

ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ ወዘወዝኩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ናትናኤል ሙቅ ይጨምራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢጫ ሆነ። ሦስት ሰዓት፣ ቢጫ። ክንዴ ዛለ። አራት ሰዓት፣ ቢጫ። አቶ ግርማ በበሩ ብቅ ብሎ አየና ሄደ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጀርባዬ የእኔ አልነበረም። ማክሰኞም እንዲህ ነበር የቆየው። ዶክተር በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው፤ ብልቃጡን ማየት አቁመዋል።

"ዶክተር" አልኩ።

"ምነው?"

"ከሥር፣ ብረቱ ያለበት ጋ፣ የሆነ ነገር አለ።"

መጥተው ጎንበስ አሉ። ደለሉ መሀል አረንጓዴ ጭረት ይታያል። ስወዘውዘው ጠፋ፤ ሳቆም ተመለሰ። እንደገና ወዘወዝኩ። ቢጫው ራሱ እየጠቆረ፣ የሰናፍጭ ቅጠል እየመሰለ ሄደ። ናትናኤል ሳፋውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በአንድ አፍታ አረንጓዴው ለቀቀ። ብልቃጡ እጄ ላይ ሰማያዊ ሆነ። የቀለም ብዕር ውስጥ ያለውን ሰማያዊ አስቡት፤ ከእሱም የጠቆረ፣ ጣቴን በማዶ የማያሳየኝ።

ናትናኤል አልጮኸም፣ አልዘለለም። ፊቱን በጋዋኑ ሸፍኖ አለቀሰ።

ያኔ ነው ፊኛውን ያየሁት። "መልካም ልደት" የሚለው ጽሑፍ ተጨማዷል። አንገቱ ላይ ያለው ክር ላልቶ ኖሯል፤ ናይትሮጅኑ እያለቀ ነው። ቀና ብዬ ክዳኑ ሥር ስመለከት ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ።

"ፊኛው!" አልኩ። ማንንም አላፈርኩም፤ ጊዜ አልነበረም። "ፊኛው እየተነፈሰ ነው፣ አየር እየገባ ነው!"

ናትናኤል እንባውን ሳይጠርግ ሌላ ፊኛ ከሲሊንደሩ ሞልቶ ሮጠ። በሁለተኛ መርፌ ሰካው። ቢጫው መስመር ግን እዚያው ነበር።

"ተበላሸ?" አልኳቸው ዶክተርን።

"ከሥሩ ብረት ተርፎታል?"

አየሁ። "ጥቂት ደቃቅ አለ።"

"እንግዲያው ወዝውዢው። የተረፈው ብረት የጠፋውን ይመልሳል።"

ወዘወዝኩ። ቢጫው ወደ ሰማያዊው ገባ፤ ትንሽ ደበዘዘ፤ ቆይቶ እንደገና ጠቆረ። ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ግርማ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ሦስታችንም ሳፋውን ከበን ቁጭ ብለን ነበር። ብልቃጡን ረጅም ጊዜ አየው።

"ይሄ ነው ዋሊያው?" አለ።

ያን ቀን የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልደገምኩትም።

ናትናኤል ሥራውን በጊዜው ጨረሰ። የእኔ ኮንትራት ግን አልታደሰም። አቶ ግርማ ከብዙ ማሰብ በኋላ ንግግሬን የጻፈው ጥፋት የሚለው ዓምድ ሥር ነበር። ዶክተር ተከራከሩልኝ፤ ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው። ስሰናበት በእጃቸው የጻፉት አጭር ደብዳቤ ሰጡኝ። "ዕቃ አያያዟ ጥሩ ነው። ስታጠፋ ትናገራለች" ይላል። ያ ደብዳቤ ነው አሁን የምሠራበትን ሥራ ያስገኘልኝ። የመድኃኒት ጠርሙስ አጥባለሁ። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ "በደንብ አድርቂው" ሲለኝ "በደንብ ማለት ምን ያህል ነው?" አልኩት። እሱንም እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ልመክራችሁም አልተነሣሁም። ግን እንደ እኔ ጥያቄ የምትውጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዋጥኳት ጥያቄ ከአምስት ቃላት አትበልጥም ነበር። ተስቆብኝ ቢሆን ኖሮ ሳቁ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ዝምታዬ ግን ያንን ብረት ግማሹን በላው፣ የናትናኤልንም ዓመታት ሊጨምርበት ነበር። ጠያቂው ሲሳቅበት አብራችሁ የምትስቁም ካላችሁ፣ እናንተም አስቡበት።

የዚያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስሄድ ታክሲው ሞልቶ ነበር። ክንዴን ማንሣት አቅቶኛል፤ ጣቶቼ አዮዲን አዮዲን ይሸታሉ። መውረጃዬ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ሌላ የሚወርድ ሰው ፈለግሁ። ማንም የለም። ታክሲው ሊያልፍ ሲል "ወራጅ አለ!" አልኩ። ከልክ በላይ ሳልጮህ አልቀረሁም፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ሲይዝ ሰው ሁሉ ወደፊት ተንገጫገጨ።

"ኧረ ቀስ፣ እህቴ፣ ሰምተናል!" አለ ረዳቱ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም አየኋቸውና ወረድኩ።